«ኪክድ ዘ በኬት» ብዬ አለቃዬን አጽናናሁ

ጥያቄ

እንደምን ሰነበቱ የዓምዱ አዘጋጅ። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። ከሰፈራችን ብዙም በማይርቅ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ስሠራ አራት ዓመቴ ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ። ሸሚዝ ገልብጬ ሳየው ስፌቱ የት ጋ እንደሳተ ከዓይኔ እጄ ቀድሞ ያገኘዋል።

ችግሬ እንግሊዝኛ ነው። ጭራሽ አልችልም ማለቴ አይደለም። ትምህርት ቤት ጥሩ ውጤት ነበረኝ። ሪፖርት እጽፋለሁ፣ ኢሜይል እመልሳለሁ። ፈረንጆቹ ሲያወሩ ግን ቃሉን ሁሉ እሰማለሁ፣ ነገሩ አይገባኝም።

ከሦስት ወር በፊት ከገዢዎቻችን አንዱን ወክሎ አንድ አሜሪካዊ መጣ። ስብሰባ ላይ ስለ ቀረው ሥራ ሲወራ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና «ካን ዩ ጊቭ ሚ ኧ ቦልፓርክ ፊገር?» አለኝ። ቦል ኳስ ነው፣ ፓርክም ያው ፓርክ ነው። ሠራተኞች በምሳ ሰዓት ኳስ የሚጫወቱበትን ሜዳ የጠየቀኝ መሰለኝ። «ከካፍቴሪያው ጀርባ ነው» አልኩት። ሰውየው ግራ ገባው። የኛ ልጆች በሳቅ ፍርስ አሉ። እስከ ዛሬ «ኳስ ሜዳ» ይሉኛል።

ከዚያ ወዲህ አፌን ዘጋሁ። ፈረንጆቹ ምን ቢሉኝ መልሴ «የስ፣ የስ» ነው። ከቴሌግራም 500 የእንግሊዝኛ ፈሊጦች አውርጄ መሸምደድ ጀመርኩ። በቀን ሃያ። አውቶቡስ ውስጥ፣ ወጥ እያማሰልኩ፣ አልጋዬ ላይ።

የባሰው የመጣው በዚህ ነው። አለቃዬ እንግሊዛዊት ናት፣ ደግ ሰው። በቅርቡ አባቷ ሞተውባት አገሯ ሄዳ ተመለሰች። ላጽናናት ቢሮዋ ገባሁና በሸመደድኩት መሠረት «አይም ሶሪ ዩር ፋዘር ኪክድ ዘ በኬት» አልኳት። ዝርዝሩ ላይ ፊት ለፊቱ «ሞተ» ብቻ ነው የሚለው። ፊቷ ልውጥ አለ። «ታንክ ዩ» ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ማታ ጎግል ሳደርገው ምን እንዳልኩ ገባኝ። ቃል በቃል «አባትሽ ባልዲውን በእግራቸው መቱ» ነው ያልኳት። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ኮሪደር ላይ ሳያት መንገድ እቀይራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ይህቺው አለቃዬ አስጠራችኝና የገዢዎች ግንኙነት አስተባባሪ እንድሆን ጠየቀችኝ። ደሞዙ 5 ሺህ ብር ይጨምራል። እናቴ «የመጣልሽን ሲሳይ አትግፊ» ትላለች። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከፈረንጅ ጋር ማውራት ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል። መልስ የምሰጠው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። እምቢ ልበል? ወይስ እነዚህን ፈሊጦች ቶሎ የምጨርስበት መንገድ አለ?

ምላሴ የታሰረው፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ኳስ ሜዳው ላይ ስደርስ ሳቅሁ፣ ይቅር በይኝ። ባልዲው ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ። ለማጽናናት ገብቶ አቁስሎ መውጣት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ።

በመጀመሪያ የራሴን ላውራሽ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የውጭ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ወሩ ሐምሌ ነው። አብራኝ የምትሠራ ፈረንጅ ጠዋት ገባችና «አይም ኧ ቢት አንደር ዘ ዌዘር» አለችኝ። ዌዘር የአየር ጠባይ ነው፤ በርዷት ነው ብዬ ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁላት። አመሰገነችኝ። ትንሽ ቆይታ ራሷን ጠረጴዛው ላይ ደፋ አደረገች። ሁለተኛውንም መስኮት ዘጋሁት። ታፍነን ዋልን። «ትንሽ አሞኛል» ማለቷ እንደነበር ያወቅሁት ከስንት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዛሬ ትዝ ሲለኝ ትኩስ ሻይ እንኳ አላመጣሁላትም እላለሁ።

አሁን ወደ ባልዲው። አንድ ነገር አስቢልኝ። አማርኛ በመማር ላይ ያለ ፈረንጅ ለቅሶ ቤት መጣ እንበል። ጫማውን አወለቀ፣ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ «አባትሽ ክልትው አሉ ሲሉ ሰማሁ፣ በጣም አዝናለሁ» አለሽ። ምን ይሰማሻል? መጀመሪያ ትደነግጫለሽ። ቀጥሎ ፊቱን ታዪዋለሽ፤ ፊቱ ላይ ያለው ሐዘን እንጂ ፌዝ አይደለም። እንግዳው ከወጣ በኋላ ከእህቶችሽ ጋር ትስቂበትም ይሆናል። ለቅሶ ቤት መቼ ሳቅ ጠፍቶ ያውቃል?

«አረፉ»ም ሞቱ ነው፣ «ክልትው አለ»ም ሞተ ነው። የቱ ለማን እንደሚባል ግን ማንም ዝርዝር ሰጥቶን አልተማርነውም። እናቶቻችን የትኛውን ቃል ለየትኛው ሰው እንደሚያወጡ እየሰማን ነው ያደግነው። «ኪክድ ዘ በኬት»ም እንዲሁ ነው። ለቀልድ፣ ለማናውቀው ሰው፣ ለተበላሸ ማሽን ሳይቀር ይባላል። ሐዘንተኛ ፊት ግን አይባልም። እዚያ የሚባለው «ፓስድ አዌይ» ነው። ከዚያም በላይ የሚበቃው «አይም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» የምትለው አጭር ነገር ናት። የኛ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ማለት ናት።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውይ። ይህች ሴት ሹመቱን ይዛ ያስጠራችሽ ከባልዲው በኋላ ነው። በልቧ ያለውን እኔ አላውቅም። ቢሆንም የተቀየመ ሰው የቀን ተቀን ሥራውን ለአስቀየመው ሰው አሳልፎ ሲሰጥ ብዙ አላየሁም። ምናልባት ሦስት ሳምንት ሙሉ ያዘነችው በቃሉ ሳይሆን ኮሪደር ላይ በምትሸሻት ልጅ ቢሆንስ?

ስለዚህ ለሹመቱ መልስ ከመስጠትሽ በፊት ይቅርታውን ጨርሺው። አጭር ይሁን። «አይ ሌርንድ ዛት ኤክስፕሬሽን ፍሮም ኧ ሊስት። አይ ዲድንት ኖው ሃው ኢት ሳውንድስ። አይም ሶሪ፣ ኤንድ አይም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ።» ከዝርዝር ላይ ነው የተማርኩት፣ እንዴት እንደሚሰማ አላወቅሁም፣ ይቅርታ፣ ስለ አባትሽም አዝናለሁ ነው ነገሩ። ሌላ አትጨምሪ። የቴሌግራሙን ታሪክ፣ የእንቅልፍ ማጣቱን፣ የኳስ ሜዳውን ሁሉ ከዘረገፍሽው እሷ አንቺን አጽናኝ ትሆናለች። ይህን በኢሜይል አታድርጊው። እኛ አገር ለቅሶ በእግር ነው የሚደረሰው፤ ይቅርታውም በእግር ይሁን።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። የዚያን ቀን ስብሰባው ላይ የሳቀው ማን ነበር?

ራስሽ ጽፈሽዋል። አሜሪካዊው ግራ ገባው፣ የኛ ልጆች ሳቁ። እኔ እንደሚመስለኝ ምላስሽን ያሰረው ፈረንጁ አይደለም። እኛ እርስ በርሳችን እንግሊዝኛን የጭንቅላት መለኪያ አድርገነዋል። ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ ሒሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ክፍል ውስጥ ተሳስቶ የተናገረ ልጅ ቅጽል ስም ይወጣለታል። አንቺ «ኳስ ሜዳ» ተባልሽ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ምን እንደተባልኩ አልነግርሽም።

የሚገርመው ደግሞ ብዙም አልተሳሳትሽም። ቦልፓርክ እውነትም ኳስ ሜዳ ነው። አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚጫወቱበት ሜዳ ነው። «ቦልፓርክ ፊገር» ግምት ነው። ልክ ባይሆንም ከልኩ ብዙ የማይርቅ ቁጥር። ሰውየው «በግምት ስንት ሸሚዝ ይደርሳል?» ነው ያለሽ። እኛ ቤዝቦል አንጫወትም፤ ከየት አምጥተሽ ታውቂዋለሽ? በነገራችን ላይ አሜሪካኖች ከዚሁ ጨዋታ ያመጡት ሌላም አላቸው። «ሌትስ ታች ቤዝ» ካለሽ አጠር አድርገን እንገናኝ፣ እንነጋገር ማለቱ ነው። ቡና ጋብዘሽው «አይል ቴክ ኧ ሬይን ቼክ» ካለሽም ስለ ዝናብ አያወራም። ድሮ ጨዋታው በዝናብ ሲቋረጥ ለተመልካቹ ሌላ ቀን የሚገባበት ቲኬት ይሰጠው ነበር። ዛሬ አልችልም፣ ሌላ ጊዜ ጋብዢኝ ማለቱ ነው። ከአንድ ጓዳ የወጡትን እንዲህ አብረሽ ስታያቸው ሳትሸመድጂያቸው ይያዛሉ።

«ብሬክ ኧ ሌግ» የሚሉትም አለ። ቃል በቃል እግርሽን ስበሪ ነው። የቲያትር ሰዎች መልካም ዕድል ብሎ መመኘት ገደ ቢስ ነው ብለው ስለሚፈሩ በተቃራኒው ይሉታል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ብዬ ነበር። ቆይቼ ሳስበው እኛስ? ጉርሻ ይዘን «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እያልን ሰው የምናበላ ሕዝብ ነን። ቃል በቃል የሚተረጉም እንግዳ ማዕዱን ጥሎ አይሮጥም?

የምፈራልሽ አለማወቅሽን አይደለም። «የስ፣ የስ» የምትዪውን ነው። አንድ ቀን አለቃሽ የሸሚዝ ኮሌታ ይዛ «ዲድ ዘይ ካት ኮርነርስ ሂር?» ብትልሽስ? ቃል በቃል «እዚህ ጋ ማዕዘኑን ቆርጠውታል ወይ?» ነው። ኮሌታ ከመገልበጡ በፊት ጫፉ ላይ ያለው ትርፍ ጨርቅ እንደሚቆረጥ አንቺ ከኔ ታውቂያለሽ። «የስ፣ ኦፍ ኮርስ!» ትያታለሽ፣ ደረትሽን ነፍተሽ። እሷ የጠየቀችሽ ግን «ለመቆጠብ ብለው ሥራውን አበላሽተውታል ወይ?» ነበር። በአንድ «የስ» ስንት ካርቶን ሸሚዝ እንደሚመለስ አስቢው። ኳስ ሜዳው አሳቀ እንጂ ብር አላስከፈለም።

መጠየቅ ሲያሳፍርሽ የምትገቢበት አንድ በር ላሳይሽ። «አልገባኝም» አትበይ። የመሰለሽን መልሰሽ በይው። «ዩ ሚን ሮውሊ፣ ሃው ሜኒ?» በግምት ስንት ማለትህ ነው? ልክ ከሆንሽ «የስ» ይልሻል። ከሳትሽ ያርምሻል። ጭራሽ ካልያዝሽው ደግሞ «አይ ሃቭንት ኸርድ ዛት ዋን፣ ዋት ዳዝ ኢት ሚን?» በይው። ይህቺን አልሰማኋትም፣ ምን ማለት ናት? ፈረንጅ የራሱን ፈሊጥ ሲያስረዳ ደስ ይለዋል። እኛም «ሆድ ባሰኝ» ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀንን እንግዳ ቡና ጋብዘን አይደል የምናስረዳው?

እነሱም እርስ በርስ አይግባቡም፤ ይህን ስታውቂ ትንሽ ይቀልሽ ይሆናል። አለቃሽ እንግሊዛዊት፣ ገዢው አሜሪካዊ ነው። ስብሰባ ላይ አንድ ጉዳይ «ሌትስ ቴብል ኢት» ቢባል ለእሷ አሁኑኑ አቅርበን እንወያይበት ነው። ለእሱ ደግሞ ለጊዜው እናቆየው ነው። ፍጹም ተቃራኒ! ቸርችል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማስታወሻው ላይ የእንግሊዝና የአሜሪካ መኮንኖች በዚህችው ቃል የተነሳ ረጅም ክርክር እንደገጠሙ ጽፏል። ለካ ሁለቱም የፈለጉት አንድ ነገር ነበር። ጦርነት መሃል ያሉ ጄኔራሎች «ምን ማለትህ ነው?» ለማለት ከዘገዩ የቱሉ ዲምቱ ልጅ ምን ታድርግ?

ስለ 500ው ዝርዝር ጠይቀሽኛል። ቶሎ የምትጨርሺበትን መንገድ አልነግርሽም፣ ምክንያቱም ባትጨርሺው ይሻላል። እንዲህ ያለ ዝርዝር የሰው ፊት የለውም። ማን፣ ለማን፣ በምን ሰዓት እንደሚለው አይነግርሽም። «ኢትስ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ»፣ ቃል በቃል ድመትና ውሻ እየዘነበ ነው የሚለው፣ ዝርዝርሽ ላይ አለ አይደል? መኖሩን ሳላየው እወራረዳለሁ። የመማሪያ መጽሐፍ የሚወደውን ያህል ሰው አይለውም፤ አንዳንድ እንግሊዞች እንዲያውም የአያት ወሬ ይመስላቸዋል። ነሐሴ ላይ የቱሉ ዲምቱ ዶፍ ሲወርድ «ኢትስ ፖሪንግ» ካልሽ ይበቃሻል።

ሸሚዝ ገልብጠሽ የምታዪውን ያህል ፈሊጡንም ገልብጠሽ እዪው። ትንሽ ደብተር ያዢ፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ። ራስሽ በጆሮሽ የሰማሽውን ብቻ ጻፊበት። ማን አለው፣ ለማን፣ እየሳቀ ነው ወይስ ኮስተር ብሎ? በሳምንት ሦስት ካገኘሽ ብዙ ነው። ማታ ነፃ ከሆነ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጊው። የካምብሪጁ ጥሩ ነው፤ ለወዳጅ ወግ ብቻ የሚሆነውን፣ ያረጀውን፣ ነውር ያለበትን ከጎኑ ምልክት ያደርግበታል። የቴሌግራሙ ዝርዝር የደበቀብሽ ያንን ነው። ያንኑ አባባል ከሦስት ሰው አፍ ሳትሰሚ ግን አንቺ አትበይው። መስማትና መናገር ለየብቻ ናቸው፤ ብዙ መስማት፣ ጥቂት መናገር ማንንም አይጎዳም። አውቶቡስ ለምትጠብቂበት ሰዓት ደግሞ የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ «ዘ ኢንግሊሽ ዊ ስፒክ» የሚል አጭር ዝግጅት አለው። በየክፍሉ አንድ አባባል ብቻ ይዘው ሁለት ሰዎች ያወሩበታል። ሦስት ደቂቃ ገደማ ናት፤ ሰልፉ ሳይንቀሳቀስ ታልቃለች።

እንዲያውም የፋብሪካ ወሬ የሚሠራው ከባልዲና ከድመት አይደለም። ከጥቃቅኖቹ ነው። «ዊ ራን አውት ኦፍ ትሬድ»፣ ክር አለቀብን። «ዘይ ፑት ኢት ኦፍ»፣ አስተላለፉት። «ኪፕ ሚ ፖስትድ»፣ የደረሰበትን በየጊዜው ንገሪኝ። «ሌትስ ኮል ኢት ኧ ደይ»፣ ለዛሬ ይብቃን። እነዚህን በቀን አሥር ጊዜ ትሰሚያቸዋለሽ፤ ምናልባት ፈሊጥ መሆናቸውንም ልብ ሳትይ ለምደሻቸዋል።

ሹመቱን በተመለከተ ልቤ ወደ እናትሽ ያደላል። ግን አንድ ያላነሳሽው ነገር አለ። አስተባባሪ ከሆንሽ ሸሚዝ መንካት ትተያለሽ? ደብዳቤሽ ላይ በደስታ የጻፍሻት አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትኖር ስለ እጅሽ የጻፍሻት ናት። ሥራው ከማሽኑ አጠገብ አንስቶ ስልክና ስብሰባ ላይ የሚያስቀምጥሽ ከሆነ፣ ያ ደግሞ የማያስደስትሽ ከሆነ፣ እምቢ ማለት ነውር የለውም። በፍርሃት እምቢ ካልሽ ግን የ«ኳስ ሜዳ» ስም አውጪዎች ደሞዝሽን ወሰኑልሽ ማለት ነው። የትኛው ነው? አንድ ማታ ስልክሽን አስቀምጪና አስቢበት።

እሺ የምትዪ ከሆነ እጅሽን አጣጥፈሽ አትግቢ። ሦስት ወር ልሞክረው፣ ካልሆነ ወደ ቦታዬ ልመለስ በያት። በዚያ ላይ ከየስብሰባው በኋላ የተስማማችሁበትን በግማሽ ገጽ ጽፈሽ ላኪላቸው። መግቢያው «ጀስት ቱ ሜክ ሹር ዊ አር ኦን ዘ ሴም ፔጅ» ይሁን። ሁላችንም አንድ ሐሳብ ላይ መሆናችንን ላረጋግጥ ብዬ ነው እንደማለት። በስብሰባው ላይ ያመለጠሽ ካለ እዚያ ላይ ይታረማል። መጻፍ ላይ እንደሁ ጎበዝ ነኝ ብለሻል። «ኳስ ሜዳ» የሚሉሽንም ስሙ መጥፎ እንዳልሆነ ንገሪያቸው፤ የገባው ሰው ግምት ሲጠየቅ ወደዚያው ነው የሚሄደው።

ይቅርታውን ግን አታሳድሪው። ሰኞ ጠዋት፣ ማሽኖቹ መጮህ ሳይጀምሩ ቢሮዋን አንኳኪ። ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ። ያን ዝርዝር ደግሞ ከስልክሽ ስታጠፊው ለታናሽ ወንድምሽ አስተላልፈሽለት እንዳይሆን።